ለቤት የሚሆን ዲፕ ፍሪዘር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲፕ ፍሪዘር አንዴ ቤት ከገባ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ የሚቆይ ዕቃ ነው። ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሱቅ ውስጥ ቆሞ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይኼኛው ሰፋ ይላል» በማለት ነው። ለእኔ ምርጫው የሚጀምረው ሱቅ ከመግባት በፊት ነው። ምን ልታስቀምጡበት እንዳሰባችሁና የት እንደሚቆም ካወቃችሁ፣ የቀረው ብዙም አያስቸግርም።

ወደ ላይ የሚከፈተው ይሻላል ወይስ ባለ በሩ ቋሚ ፍሪዘር?

ብዙ ምግብ ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ ከሆነ ወደ ላይ የሚከፈተው ይሻላል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። ክዳኑን ወደ ላይ ስትከፍቱት ቅዝቃዜው አብዛኛው ታች እንደተኛ ይቀራል። የባለ በሩ ግን በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛው አየር ወደ እግራችሁ ይፈስሳል። ሞተሩም ያንን ለመተካት እንደገና ይነሳል።

በዚህ ምክንያት ወደ ላይ የሚከፈተው (በተለምዶ ዲፕ ፍሪዘር የምንለው) በተመሳሳይ ሊትር ብዙ ጊዜ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ያነሰ ነው። መብራት ሲጠፋም ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። መሳቢያና መደርደሪያ ስለማይከፋፍለው ትልልቅ ነገር እንዳለ ይገባበታል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ወለል ይይዛል። ከታች ያለውን ለማውጣት ጎንበስ ማለትና ከላይ ያለውን ሁሉ ማንሳት ያስፈልጋል። ወገቡን የሚያመው ወይም ቁመቱ አጠር ያለ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ ይህ በየቀኑ የሚሰማ ድካም ነው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ የሚከፈት ፍሪዘር ከፈለጋችሁ ባለ በሩን አስቡበት።

ስንት ሊትር ልግዛ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ለመነሻ ያህል ለአንድ ሰው ከ40 እስከ 70 ሊትር ይታሰባል። አራት ሰው ያለበት ቤት ከ160 እስከ 280 ሊትር ባለው ውስጥ ይወድቃል ማለት ነው። ይህ ግን መነሻ ብቻ ነው። ሥጋ በየሳምንቱ የሚገዛ ቤትና በጅምላ ገዝቶ ለወራት የሚያስቀምጥ ቤት እኩል ፍሪዘር አያስፈልጋቸውም። ፍሪጃችሁ የራሱ ሰፊ ፍሪዘር ካለውም ቁጥሩ ይቀንሳል።

እኔ የምመክረው በካርቶን መለካት ነው። 40 በ30 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ካርቶን 36 ሊትር ነው። ልታቀዘቅዙት የምታስቡትን ነገር በዓይነ ሕሊናችሁ እዚያ ውስጥ ደርድሩት። የወር ሥጋ ስንት ካርቶን ይሞላል? ዳቦውስ? አትክልቱስ? አምስት ካርቶን ከሆነ 180 ሊትር ያህል ሆነ። በላዩ ላይ ጥቂት መተንፈሻ ጨምሩና 200 ሊትር አካባቢ ያለውን ፈልጉ። በክብደት ማሰብ የሚቀላችሁ ከሆነ ደግሞ አንድ ሊትር ቦታ ግማሽ ኪሎ ያህል ምግብ ይይዛል ብላችሁ ገምቱ። ቅርጹ የማይገጣጠም ነገር ከበዛ ከዚያም ያነሰ ይሆናል።

«ትልቅ ብገዛ ምን አለበት?» የሚል ብዙ ነው። ሦስት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ትልቅ ፍሪዘር ሰውነቱ ሰፊ ስለሆነ ሙቀት የሚገባበትም ቦታ ሰፊ ነው፤ ለባዶው ቦታም ትከፍላላችሁ። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ባዶው ቶሎ ይሞቃል። ሦስተኛውና ለእኔ ዋናው፣ ጥልቅና ሰፊ ሳጥን ምግብ ያስረሳል። ታች የገባ ፌስታል ከዓመት በኋላ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይታወቅ ይወጣል። ምግብ ለማዳን ተብሎ የተገዛ ዕቃ የምግብ መጣያ ሲሆን ያሳዝናል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ፍሪዘሩ ላይ ሁለት የሊትር ቁጥር ካያችሁ አነስተኛውን ያዙ። ትልቁ ጠቅላላ ይዘቱ ነው። ትንሹ በትክክል ምግብ የሚገባበት ቦታ ነው።

የት ላስቀምጠው? ስንት ቦታስ ይፈልጋል?

ሜትር ያዙና ሦስት ነገር ለኩ። የሚቆምበትን ቦታ፣ ክዳኑ ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት የሚደርስበትን ከፍታ፣ እንዲሁም ዕቃው የሚያልፍበትን በርና ደረጃ። የሚረሳው የመካከለኛው ነው። ከላዩ መደርደሪያ ወይም የግድግዳ ቁም ሳጥን ካለ ክዳኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በየጊዜው በአንድ እጅ ደግፎ በሌላው መፈለግ ነው።

በዙሪያው ክፍተት ያስፈልገዋል። መመሪያው ሌላ ካላለ ከኋላና ከጎን 10 ሳንቲሜትር ያህል ተዉለት። በብዙ ዲፕ ፍሪዘሮች ሙቀት የሚያወጡት ቱቦዎች በግድግዳው ቆርቆሮ ውስጥ ነው የተዘረጉት። ለዚህ ነው ሲሠራ ጎኑ በእጅ ሲዳሰስ ሞቅ የሚለው። ብልሽት አይደለም፤ ምግቡ ውስጥ የነበረው ሙቀት እየወጣ ነው። ግድግዳ ላይ ብታስጠጉት ወይም ጎኑን በጨርቅ ብትሸፍኑት ያ ሙቀት መውጫ ያጣል።

ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር፣ ምድጃ አጠገብና እርጥበት ያለበት ቦታ አይሁን። ወለሉም ደልዳላ ይሁን። የተንጋደደ ፍሪዘር ይጮኻል፤ ክዳኑም በደንብ አይገጥምም።

ሞቃት ቦታ ነው የምኖረው። ልዩነት አለው?

አለው፤ ሻጭም ብዙ ጊዜ የማይነግራችሁ ይህንን ነው። ከኋላ ወይም ከውስጥ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እዩ። የላቲን ፊደሎች ታገኛላችሁ። «ኤስኤን» የሚለው የክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን ይሠራል። «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ። ፍሪዘሩ የሚቆመው ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሰርቪስ ወይም ጋራዥ ውስጥ ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሙቀት አስቡ እንጂ የሳሎኑን አይደለም። ከእነዚህ ምልክቶች ሁለቱ አብረው ከተጻፉ ከታችኛው መነሻ እስከ ላይኛው መጨረሻ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። በጣም በሚበርድ ጋራዥ ውስጥ የሚቆም ከሆነም የታችኛውን ቁጥር ተመልከቱ።

ቅዝቃዜው ስንት መሆን አለበት?

ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ። ከዚህ በታች ብታወርዱት ለቤት ብዙም ጥቅም የለውም፤ ኤሌክትሪክ ግን ይጨምራል። ቴርሞስታቱ (የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው ቁልፍ) ላይ ያሉት ከ1 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም። ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል ማለት ብቻ ነው። ርካሽ የፍሪዘር ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ምግቡ መሃል አስቀምጡና በማግስቱ አንብቡት። ካነበባችሁ በኋላ ቁልፉን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ጥቂት አስተካክሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቅዝቃዜ ባክቴሪያን አይገድልም፤ እንዳይራባ ነው የሚያቆመው። የተበላሸ ምግብ ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ አይድንም።

ላዩ ላይ ያሉት ኮከቦች ምን ማለት ናቸው?

አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፣ ሁለት 12፣ ሦስት 18 ዲግሪ ማለት ነው። አራት ኮከብ ያለውም 18 ዲግሪ ነው፤ ልዩነቱ ያልቀዘቀዘ ምግብ ወስዶ ራሱ ማቀዝቀዝ መቻሉ ላይ ነው። ለቤት የምትገዙት አራት ኮከብ ይሁን።

ከኮከቡ ይልቅ ግን እኔ የማየው በ24 ሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚያቀዘቅዝ የሚናገረውን ቁጥር ነው። ምግብ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውኃ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል። ቅንጣቱ የሥጋውን ሕዋስ ይቀድደዋል። ሲቀልጥ ደም የሚመስል ውኃ ሳህኑን የሚሞላው፣ ሥጋውም ደረቅ የሚለው በዚህ ነው። አሜሪካዊው ክላረንስ በርድዛይ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ምግብን በፍጥነት የሚያቀዘቅዝ ማሽን ሠርቶ የታወቀው ይህንን ስለተረዳ ነው። ሐሳቡ የመጣለት ላብራዶር በሚባለው የካናዳ አካባቢ ሲኖር ነው። በዚያ ብርድ ከውኃ የወጣ ዓሣ ወዲያው ድርቅ ብሎ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ከወራት በኋላ ሲበላም ጣዕሙ አልተለወጠም።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ 20 ኪሎ ሥጋ የምታስገቡ ሰዎች ከሆናችሁ፣ በቀን 8 ኪሎ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር አይበቃችሁም። ወይም ከፍ ያለውን ግዙ፣ ወይም ሥጋውን ከፋፍላችሁ በተለያየ ቀን አስገቡ። የፈጣን ማቀዝቀዣ ቁልፍ ካለው ብዙ ምግብ ከማስገባታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አብሩት።

መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ክዳኑ ካልተከፈተ፣ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ምግቡን እንደቀዘቀዘ ያቆየዋል። ግማሹ የሞላ ደግሞ 24 ሰዓት ያህል። የክፍሉ ሙቀትና የግድግዳው ውፍረት ይህን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። መመሪያው ላይ «መብራት ሲቋረጥ» የሚል የሰዓት ቁጥር ካለ ሁለት ፍሪዘር ለማወዳደር ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቦታ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከመልኩም ከውስጥ አምፖሉም ከቅርጫቱም በፊት ይህንን ጠይቁ። ይህ ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ ብዙ ጊዜ ግድግዳው ወፈር ያለ ነው ማለት ነው፤ ለኤሌክትሪክ ወጪውም ይበጃል።

ባዶ ቦታ ካለ በውኃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስገቡበት። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ውኃ ሲቀዘቅዝ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። የቀዘቀዘው ውኃ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ይዞ ያቆያል።

ከቤት ርቃችሁ ስትመለሱ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ማወቅ ከፈለጋችሁ ይህን አድርጉ። አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ውኃ አቀዝቅዙና በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ምንም አልሆነም። መሃል ላይ ከሰጠመ በረዶው በከፊል ቀልጦ ነበር። ኩባያው ሥር ከተገኘ ሁሉም ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል፤ ምግቡ ይጣል።

ምግቡ ላይ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለ ወይም ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ካላለፈ መልሶ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ጣዕሙና ልስላሴው ግን ይቀንሳል። ከ4 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም የበሰለ ምግብ ግን አይበላም። ማሽተትና መቅመስ ዋስትና አይሆንም።

ስታብላይዘር ያስፈልጋል?

ኃይሉ ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ አዎ። ሞተሩን የሚጎዳው መጥፋቱ ብቻ አይደለም፤ ጠፍቶ ወዲያው መምጣቱ ነው። ጋዙ ገና ግፊቱ ሳይረጋጋ ሞተሩ ለመነሳት ሲታገል ይሞቃል። ስለዚህ መብራት ከመጣ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ዘግይቶ ኃይል የሚሰጥ ስታብላይዘር ምረጡ። አቅሙንም በሚሠራበት ዋት ልክ አትግዙ፤ ሞተር ሲነሳ በመደበኛነት ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ሰፋ ያለ ይሁን። ፍሪዘሩን በቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር መሰካት ግን ይቅር። የራሱ የግድግዳ ሶኬት ይኑረው።

ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል?

የሚለጠፍበት ወረቀት ላይ በዓመት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚወስድ ተጽፎ ታገኛላችሁ። 220 ቢል ለ365 ስታካፍሉት በቀን 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። በምትከፍሉበት ታሪፍ አባዙትና ሁለቱን ፍሪዘሮች አወዳድሩ። ስትገዙ ከተገኘ ቅናሽ ይልቅ በአሥር ዓመት የሚጠራቀመው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። ክፍሉ ሞቃት ከሆነና ክዳኑ ቶሎ ቶሎ ከተከፈተ ቁጥሩ ከተጻፈው ይበልጣል።

ኢንቨርተር ሞተር ያለው ፍጥነቱን እያስተካከለ ስለሚሠራ ድምፁ ዝቅ ያለና ቆጣቢ ነው። ሲገዛ ወደድ ይላል፤ ቢበላሽም ሰርኪዩት ቦርዱን የሚጠግን ባለሙያ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

በረዶ የማይሠራ ልግዛ?

አብዛኛው ዲፕ ፍሪዘር በረዶው በእጅ የሚቀለጥ ነው። ይህ ሊያስፈራችሁ አይገባም። ክዳኑ እንደ በር ስለማይከፈት በረዶው ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ማቅለጥ ለብዙ ቤት ይበቃል። ግድግዳው ላይ ያለው በረዶ ግማሽ ሳንቲሜትር ሲሞላ ጊዜው ደርሷል። ከዚያ በላይ ሲወፍር ቅዝቃዜው ወደ ምግቡ እንዳይደርስ ይከልላል።

ከታች የውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ያለውን ግዙ። የሌለው ከሆነ ውኃውን በፎጣ እየጨመቃችሁ ታወጣላችሁ። ደግሞ እባካችሁ በረዶውን በቢላ አትፈልፍሉት። ከቆርቆሮው ጀርባ ቀጭን የጋዝ ቱቦ አለ። አንዲት ቀዳዳ በቂ ናት፤ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቱቦ መጠገን ደግሞ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ሙቅ ውኃ በድስት አስቀምጡበትና ጠብቁ።

ሱቅ ውስጥ ምን ልፈትሽ?

የክዳኑን ጎማ። አንድ ወረቀት በጎማውና በአፉ መሃል አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉ። ከዚያ ወረቀቱን ሳቡት። ያዝ አድርጎ መያዝ አለበት። ምንም ሳይዘው ሾልኮ ከወጣ በዚያ በኩል አየር ይገባል። አራቱንም ጎን ሞክሩ፤ ማዕዘኖቹን በተለይ።

ክዳኑን ግማሽ ድረስ ከፍታችሁ ልቀቁት። ባለበት ከቆመ ማጠፊያው ጥሩ ነው። ቅርጫት እንዳለውም እዩ፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። መለዋወጫና ጥገና ቅርብ መኖሩን፣ ጋራንቲው ሞተሩን ለስንት ዓመት እንደሚሸፍን በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገረ ጋራንቲ አይጠቅምም።

ጋዙ አደገኛ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አዳዲሶቹ ብዙ ጊዜ አር600ኤ የሚባለውን ጋዝ ይጠቀማሉ። አይሶቡቴን ነው፤ ይቀጣጠላል። ነገር ግን በአንድ ፍሪዘር ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ነው፤ ከባቢ አየርን የማሞቅ ኃይሉም ከድሮው አር134ኤ እጅግ ያነሰ ነው። ቱቦው እንዳይበሳ ተጠንቀቁ። ጋዝ ሲሞላም ይህን ጋዝ የሚያውቅ ባለሙያ ይሁን።

ያገለገለ ብገዛስ?

ሲሠራ ሳታዩ አትግዙ። ሻጩ ከመድረሳችሁ ብዙ ሰዓት በፊት እንዲሰካው ጠይቁት። ከዚያ ውስጡን በመዳፋችሁ ዳስሱ። ውርጩ በግድግዳው ላይ ሁሉ እኩል መያዝ አለበት። አንዱ ጥግ ብቻ ነጭቶ ሌላው እርጥብ ከሆነ ጋዙ ጎድሏል ማለት ሊሆን ይችላል። የተጎረበጠ ጎማ፣ ከታች በኩል ዝገት፣ በመታጠብ የማይለቅ ሽታ፣ ሲነሳና ሲቆም የሚንገጫገጭ ሞተር ካያችሁ እለፉት። በጣም ያረጀ ፍሪዘር በርካሽ ቢገኝም የኤሌክትሪክ ሂሳቡ ያንን ያስመልሳል።

ቤት ከደረሰ በኋላ ወዲያው ልሰካው?

ቆሞ ከመጣ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት። በጎኑ ተኝቶ ከመጣ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ሊፈስ ስለሚችል አንድ ቀን ያህል አቁሙት፤ ዘይቱ ይመለሳል። ከዚያ ባዶውን ሰክታችሁ ሙቀቱ 18 ከዜሮ በታች እስኪደርስ ጠብቁና ምግብ አስገቡ።

ሥጋው ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ነገር ለምን ይወጣል?

ደረቁ የፍሪዘር አየር ከምግቡ ላይ እርጥበት ስለሚመጥ ነው። አያሳምምም፤ ጣዕሙ ግን ይሞታል። መፍትሔው ፌስታሉ ውስጥ አየር አለማስቀረት ነው። ሥጋውን በአንድ ጊዜ በሚበስል ልክ ከፋፍሉት፣ በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ጠፍጠፍ አድርጉት፣ አየሩን በእጅ ገፍታችሁ አውጡና እሰሩት። ጠፍጣፋ ከረጢት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይቀልጣል፣ እንደ መጽሐፍም በቋሚው ይደረደራል። በማርከር ምን እንደሆነና ቀኑን ጻፉበት። በቋሚው ከተደረደረ ጽሑፉ ከላይ ይታያችኋል፤ ታች የሚቀበር ነገር አይኖርም።

የተፈጨ ሥጋ ከ3 እስከ 4 ወር፣ ሾርባና የበሰለ ወጥ ከ2 እስከ 3 ወር፣ ሙሉ ዶሮ እስከ አንድ ዓመት ጥራቱን ይጠብቃል። ትኩስ ምግብ እንደ ወረደ አታስገቡ።

ልጆች ቤት ውስጥ አሉ። ምን ልጠንቀቅ?

ቁልፍ ያለውን ግዙና ቁልፉን እነሱ ከማይደርሱበት አኑሩ። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ልጅ ለመደበቅ ገብቶ ክዳኑ ከላይ ከተዘጋበት ከውስጥ ገፍቶ መክፈት ሊያቅተው ይችላል፤ አየሩም ቶሎ ያልቃል። ከፍሪዘሩ አጠገብ መወጣጫ የሚሆን ወንበር ወይም ሳጥን አይቀመጥ። አሮጌውን የምትጥሉ ወይም ጓሮ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ክዳኑን ከማጠፊያው ፈትታችሁ አውጡት።

እንደ ፍሪጅም የሚያገለግሉት ይሻላሉ?

አንዳንዶቹ በቁልፍ ከፍሪዘርነት ወደ ፍሪጅነት ይቀየራሉ። ግብዣ ላይ መጠጥ ለማቀዝቀዝ ይመቻሉ። ለዕለት ተዕለት ፍሪጅነት ግን አልመርጣቸውም፤ ወተትና እንቁላል ለማውጣት በየጊዜው ጎንበስ ማለት ይሰለቻል። ቁልፉ በስህተት ከተነካም የቀዘቀዘው ሁሉ ይቀልጣል። ይህን ዓይነቱን ከገዛችሁ ቁልፉን በፕላስተር ሸፍኑት።